መሪ የጨበጠ ነፍስ ይዟል

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፤ አሜን።



ኢትዮጵያዊው ጃንደረባ በኢየሩሳሌም ሰግዶ ሲመለስ በሠረገላው ተቀምጦ የነቢዩ የኢሳይያስን መጽሐፍ ያነብ እንደ ነበረ በግብረ ሐዋርያት ተጽፎአል። ሊጠመቅ በፈለገ ጊዜ ሠረገላው እንዲቆም ማዘዙ፥ ልጓሙ በሌላ ሰው እጅ እንደ ነበረ ያስረዳናል። ቅዱስ መጽሐፍን እንኳ ያነበበው ሌላው እየነዳለት ነው። እንግዲህ መሪ ጨብጦ፥ የሰው ነፍስ ጭኖ፥ ከስልክ ላይ ተራ ወሬ የሚያነብ ሾፌር ምን መልስ ይኖረዋል?

ይህ ቃል ለሁሉ ነው፤ ይልቁንም ለጋይንት፥ ለስማዳና ለእስቴ ሰዎች ነው። ከደብረ ታቦር ተነሥቶ በነፋስ መውጫ በኩል ወደ ወልድያ የሚዘልቀው፥ ወደ መካነ ኢየሱስና ወደ ወገዳም የሚወስደው መንገድ ዳገትና ቁልቁለት የበዛበት ነው። ከ4,100 ሜትር በላይ ከፍ ያለው ጉና ጉሙን ሲያለብሰው የፊቱ አይታይም። በገበያ ቀንም አህያ ነጂው፥ እህል ተሸካሚዋ፥ ከብት ጠባቂው ሕፃን ሁሉ በዚያው መንገድ ላይ ናቸው።

በ1860 ዓ.ም. አፄ ቴዎድሮስ 70 ኩንታል ያህል የሚመዝነውን ሴባስቶፖልን ከደብረ ታቦር ወደ መቅደላ ሲያስጎትቱ፥ ያን መድፍ በየዳገቱ ያወጣው፥ በየቁልቁለቱም ያወረደው ገመድ የያዘ ብዙ ሕዝብ ነበር። ዛሬ ያን የሚያህል ክብደት ያለውን መኪና አንድ ሰው በሁለት እጁ ይገዛዋል። ከሁለቱ አንዱን ለስልክ ከሰጠ፥ ዓይኑንም ካስከተለ፥ መኪናውን ማን ያዘው?

በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር የሚሄድ መኪና በ3 ሰከንድ 50 ሜትር ይጓዛል። ሦስት ሰከንድ የደወለውን ሰው ስም አይቶ ቀና ለማለት የሚፈጅ ጊዜ ነው፤ በዚያ ሁሉ ርቀት ነጂው ዓይኑን እንደ ጨፈነ ነው። እየነዱ በስልክ የሚነጋገሩ ሰዎች ከማይነጋገሩት ይልቅ 4 እጥፍ ያህል ለአደጋ እንደሚጋለጡ የዓለም ጤና ድርጅት ያስረዳል። ስልኩን በእጅ አለመያዝም ብዙ አያድንም፤ የሚባክነው ልብ ነውና።

በጋይንት ቤተልሔም ድጓ የሚያስመሰክር ደቀ መዝሙር አንዲት ምልክት ቢስት መምህሩ ያርመዋል፤ መልሶም ያዜመዋል። በጨጨሆ ጠመዝማዛ ላይ የሳተ ሾፌር ግን ተመልሰህ ጀምር የሚለው መምህር የለውም።

ከሁሉ የሚያሳዝነው ከአደጋ በኋላ የምንናገረው ነው። «ቀኑ ደርሶ ነው» እንላለን። የኦሪት ሕግ ግን፥ በሬው ተዋጊ መሆኑ ተነግሮት ሳይጠብቀው የቀረውን ሰው፥ በሬው ነፍስ ቢያጠፋ የደሙ ባለ ዕዳ ያደርገዋል እንጂ ቀኑ ደርሶ ነው ብሎ አያሰናብተውም። ስንፍናችንን በእግዚአብሔር ላይ አናሳብብ። የቅዱሳንን ሥዕል በመስተዋት ላይ ለጥፎ በቸልታ መንዳትም እምነት አይደለም። ጌታችን በቤተ መቅደስ ጫፍ ላይ በተፈተነ ጊዜ በመላእክት ጥበቃ አሳብቦ ራሱን አልወረወረም፤ ይህ አምላክን መፈታተን መሆኑን አስተማረን እንጂ።

ስለዚህ አንተ ነጂ ወንድሜ፥ ሞተሩን ከማስነሣትህ በፊት አማትብ፤ ስልክህንም ዝጋ። የሚያስቸኩል ነገር ቢኖርህ እንደ ጃንደረባው አቁም፤ ከመንገድ ዳር ወጥተህ ተነጋገር። እንቅልፍና መጠጥም ያው እንደ ስልኩ ልብን ይሰርቃሉና ተጠንቀቅ። አንተም ተሳፋሪ፥ ፈጣኑን ሾፌር ጎበዝ እያልህ አታሞግሰው፤ ስልክ ሲያነሣ ብታየው በትሕትና ንገረው፤ ዝምታህ ከበደሉ ያካፍልሃልና። እናንተም በቤት ያላችሁ፥ በመንገድ ላይ መሆኑን እያወቃችሁ አትደውሉለት፤ በሰላም እስኪደርስ ጸልዩለት እንጂ።

ወጥተን በሰላም እንድንገባ የአምላካችን ቸርነት፥ የእመቤታችን አማላጅነት አይለየን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።