ዕጩው ስለ ቦያችን ምን ይላል?

(በተማሪዎች ማኅበር የውይይት ጉባኤ ላይ የተደረገ ንግግር)



የማኅበራችን የውይይት ክፍል እንድናገርበት የሰጠኝ ርእስ «የከተማ ምክር ቤት ዕጩዎችና የአካባቢ ጉዳይ» የሚል ነው። ርእሱ በማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ በተለጠፈ ዕለት ከአጠገቤ ቆሞ ያነበበው ጓደኛዬ ሣቀና «ለመሆኑ በእንጅባራ ወይም በዳንግላ የከተማ ምክር ቤት ዕጩ ሕዝብ ፊት ቆሞ ሲጠየቅ አይተህ ታውቃለህን?» አለኝ። አላየሁም። እዚህ ከተቀመጥነው ተማሪዎች መካከልም ያየ የሚኖር አይመስለኝም። ይህን የምለው ማንንም ለመውቀስ ሳይሆን ዕድሜያችንን ቈጥሬ ነው።

በአገራችን በሙሉ የወረዳ፤ የቀበሌና የከተማ ምክር ቤቶች ምርጫ የተደረገው በሚያዝያ 2000 ዓ.ም. እና በሚያዝያ 2005 ዓ.ም. ነበር። በ2010 ዓ.ም. ሊደረግ የነበረው ተላለፈ። በሰኔ 2013 ዓ.ም. ምርጫ ሲደረግ ደግሞ የከተማ ምክር ቤት የመረጡት የአዲስ አበባና የድሬዳዋ ሰዎች ናቸው፤ እኛ ዘንድ ለፌዴራሉና ለክልሉ ምክር ቤት ብቻ ድምፅ ተሰጠ። እንግዲህ ዛሬ ሃያ ሁለት ዓመት የሆነው የእንጅባራ ልጅ በ2005ቱ ምርጫ ጊዜ ፊደል ቈጣሪ ነበረ ማለት ነው።

በሁለቱ ምርጫዎች እንኳ ቢሆን የዕጩዎች ክርክር ተደረገ ለማለት አያስደፍርም። ከ2000 ዓ.ም. ምርጫ በፊት የምክር ቤቶቹ ወንበር እጅግ እንዲበዛ ተደረገ፤ አንድ ቀበሌ እስከ 300 አባላት እንዲኖሩት ሆነ፤ በአገሪቱ በጠቅላላው ወደ 3.6 ሚሊዮን የሚሆን ወንበር ተዘጋጀ። ሐሳቡ ሕዝቡን ማሳተፍ ነው ተባለ። ነገር ግን 300 ሰዎች በአንድ ቀበሌ ሲታጩ የትኛው ዕጩ ስለ ውሃው፤ የትኛው ስለ ቆሻሻው ምን እንዳሰበ ማን ሊጠይቅ ይችላል? ተቃዋሚዎቹም የሚበዙት ወይ ዕጩ ማቅረብ አልቻሉም፤ ወይ ጥለው ወጡ። በ2005 ዓ.ም. 33 ፓርቲዎች በምርጫው አንሳተፍም አሉ። ከጥቂት በቀር ወንበሩን ሁሉ ገዢው ግንባርና አጋሮቹ ወሰዱት። ተወዳዳሪ የሌለው ዕጩ ሐሳቡን የሚያብራራበት ምክንያት የለውም፤ ይህ የሰው ጠባይ ነው፤ በእርሱ ብቻ የሚፈረድ አይደለም።

ክርክር በአገራችን ፈጽሞ አልታየም እንዳንል ደግሞ የ1997 ዓ.ም. ምርጫ አለ። ያን ጊዜ የፓርቲዎች ክርክር በራዲዮና በቴሌቪዥን በቀጥታ ሲተላለፍ ሕዝቡ በየቡና ቤቱ ተሰብስቦ ይከታተል እንደ ነበረ ታላላቆቻችን ዛሬም በናፍቆት ያወሩታል። በአዲስ አበባ ምክር ቤት ከ138 ወንበር 137ቱን ቅንጅት አሸነፈ። ከዚያ የሆነውን ታውቃላችሁ፤ ያሸነፉት ምክር ቤቱን ሳይረከቡ ቀሩ፤ ከተማውንም ከ1998 እስከ 2000 ዓ.ም. በአቶ ብርሃነ ደሬሳ የሚመራ ባለአደራ አስተዳደር ያዘው። እኔን የሚቈጨኝ የፖለቲካው ጠብ ብቻ አይደለም። ያ ሁሉ ሕዝብ የሰማው የቤት፤ የመንገድና የሥራ ተስፋ በተግባር ሳይፈተን መቅረቱ ነው።

ወደ ራሳችን እንመለስ። ዳንግላ በዕድሜ የበሰለ ከተማ ነው። የእንግሊዝ መንግሥት ከ1910ዎቹ ማለቂያ ጀምሮ ለሰሜን ምዕራብ ኢትዮጵያ ቆንስላውን ያቆመው በዚያ ነበር፤ ቆንስሉ ሜጀር ቺዝማን ጣናንና ዓባይን ተዘዋውሮ ያጠናው ከዳንግላ እየተነሣ ነው። እንጅባራ ደግሞ ሽማግሌዎቻችን ዛሬም ኮሶበር የሚሏት፤ በኋላ የአዊ ብሔረሰብ አስተዳደር መቀመጫ የሆነችውና ዩኒቨርሲቲ የተከፈተባት ናት። ሁለቱም ከአዲስ አበባ ወደ ባሕር ዳር በሚወስደው አስፋልት ግራና ቀኝ የተሠሩ ከተሞች ናቸው። በእንጅባራ መንገዱ ወደ ቻግኒ ይገነጠላል፤ ወደ ህዳሴው ግድብ የሚሄደውም በዚያ ያልፋል።

አሁን አንድ ዕጩ በዳንግላ አደባባይ ቆሞ «ብትመርጡኝ ይህን አስፋልት አሰፋላችኋለሁ» ቢል እናጨበጭብለት ይሆናል። እኔ ግን እንዲህ ብዬ ልጠይቀው እፈልጋለሁ፤ «ጌታዬ፤ ይህ ዋና መንገድ የፌዴራሉ የመንገዶች አስተዳደር ነው፤ እርስዎ በምን ሥልጣን ያሰፉታል?» መብራቱም ቢሆን በከተማው ምክር ቤት እጅ አይደለም። ከአስፋልቱ ዳር ያለው የጎርፍ መውረጃ ቦይ፤ የባጃጁ መቆሚያ፤ የገበያው ሥፍራ፤ የቆሻሻው መጣያ፤ የውስጥ ለውስጡ መንገድ፤ የቄራው ንጽሕና፤ ይህ ሁሉ ግን የማዘጋጃ ቤት ሥራ ነው። ከንቲባውንም ከአባላቱ መካከል የሚመርጠው ምክር ቤቱ ነው። ስለዚህ ዕጩን የምንመዝንበት የመጀመሪያው ሚዛን የራሱን ሥራ ከሌላው ሥራ ለይቶ ማወቁ ነው። በእንጅባራ ዝናም ለረጅም ወራት እንደሚዘንም የማያውቅ የለም፤ ቦዩ ሲደፈን ጎርፉ በየሱቁ በር ይገባል። ስለ አገር አንድነት ግማሽ ሰዓት ተናግሮ ስለ ቦዩ አንዲት ቃል ያልተነፈሰ ሰው ለፓርላማ ይታጭ እንጂ ለከተማ ምክር ቤት ምን ያደርጋል?

ቀጥሎ የሚመጣው የገንዘብ ጥያቄ ነው፤ እዚህ ላይ ጥቂት ልቈይ። በእኛ ሕግ የከተማ ሥራ በሁለት ይከፈላል። ትምህርትና ጤና የመሳሰሉት የመንግሥት ተግባራት ከክልሉ በሚመጣ ድጎማ ይረዳሉ። የማዘጋጃ ቤቱ አገልግሎት ግን በአብዛኛው ከተማው ራሱ በሚሰበስበው ገንዘብ የሚሠራ ነው፤ ይኸውም ከኪራይ፤ ከአገልግሎት ክፍያና ከመሬት ሊዝ ነው። እንግዲህ ቦይ ለመሥራት ገንዘብ የፈለገ ከተማ ዓይኑን የሚጥለው መሬት ላይ ነው። ያ መሬት ደግሞ ትናንት የገበሬ ማሳ የነበረ ነው።

ከከተማው ጫፍ የሚኖሩ አንድ አባት የነገሩኝን ላጫውታችሁ። «ልጄ፤ ከተማው ወደ እኔ መጣ እንጂ እኔ ወደ ከተማው አልሄድሁም» አሉኝ። በ1997ቱ አዋጅ ቁጥር 455 መሬቱን ለዘለቄታው ለሚለቅ ገበሬ የሚከፈለው የዓመት ገቢው ዐሥር እጥፍ ነበር፤ በአዋጅ ቁጥር 1161/2011 ወደ ዐሥራ አምስት እጥፍ ከፍ ተደረገ። መሻሻሉን አልክድም። ነገር ግን ማረሻ እንጂ ሌላ ሙያ የማያውቅ ሰው ገንዘቡን ተቀብሎ ቤት ሠርቶ፤ ልጅ ድሮ፤ ከዚያ በኋላ በምን ይኖራል? ማሳው በሊዝ ጨረታ የሚወጣበትን ዋጋ ሲሰማስ ምን ይሰማዋል? ዕጩው ከተማውን አስፋፋለሁ ሲል ምላሱ ላይ ቀላል ነው። «በየትኛው አቅጣጫ? የስንት ሰው ማሳ ይነካል? ከሊዙ ገቢ ስንቱ ለተነሡት ሰዎች ልጆች ሥራ ማስያዣ ይውላል?» ተብሎ ሲጠየቅ ግን አሳቡ ይታያል። እኔ በበኩሌ ይህን ጥያቄ ቁጥር ይዞ የሚመልስ ዕጩ ካገኘሁ የፓርቲውን ምልክት ሳልመለከት እመርጠዋለሁ።

ሌላው የከሰሉ ነገር ነው። በፋግታ ለኮማ ገበሬዎች በአሲድ የተጎዳውን መሬታቸውን ዲከረንስ እየተከሉበት ከድህነት የወጡበት ታሪክ ለብዙዎቻችሁ አዲስ አይደለም፤ በመጀመሪያው ዓመት ከችግኙ መካከል ጤፍ ይዘራል፤ ከዚያ ሣሩ ለከብት ይታጨዳል፤ በአራትና በአምስት ዓመት ዛፉ ተቈርጦ ከሰል ይሆናል። ከሰሉን የጫነው መኪና የሚያልፈው በከተሞቻችን ነው። እንግዲህ የጫኝና አውራጅ ልጆች ከነጋዴው ጋር በዋጋ ሲጣሉ የሚዳኘው ማን ነው? የከሰሉ ማከማቻ ከመኖሪያ ቤት ምን ያህል መራቅ አለበት? እነዚህ የምክር ቤት ጥያቄዎች ናቸው። ከቅርብ ዓመታት ወዲህ ደግሞ ዲከረንሱን ዋግ የሚመስል በሽታ እየመታው ነው፤ ዛፉ ቢጠፋ ሥራ ፍለጋ ወደ እንጅባራና ወደ ዳንግላ የሚገባው ወጣት ይበዛል። ይህን አስቀድሞ ያሰበ ዕጩ ቢገኝ ደስ ይለኛል። የቀርቀሃ ሠራተኞቻችንም አሉ፤ ወንበርና ጠረጴዛቸውን በመንገድ ዳር ዘርግተው ዝናም የሚመታቸው። እነርሱ የሚለምኑት አንድ መጠለያ ነው፤ ሌላ አልጠየቁም።

በቋንቋ በኩል አንድ ነገር ልበል። የብሔረሰብ አስተዳደራችን የራሱ ምክር ቤት አለው፤ አዊኛም የትምህርትና የሥራ ቋንቋ ሆኗል። ይሁን እንጂ ስብሰባ ሲጠራ ትልቁ ነገር በአማርኛ ይነገርና በአዊኛ ሰላምታው ብቻ ይቀራል። በገበያ ድንችና ቅቤ የምትሸጠው እናት ዕጩውን በአፍ መፍቻዋ እንድትጠይቀው፤ እርሱም በዚያው እንዲመልስላት ያስፈልጋል። ከሌላ አገር መጥቶ በከተማችን የሚኖረው ነጋዴና ሠራተኛ ደግሞ በአማርኛ ይጠይቅ። ሁለቱን ቋንቋ ማስኬድ ችግር የሚሆነው አስቀድሞ ላልተዘጋጀ ሰብሳቢ ነው።

አሁን ከእናንተ የምጠብቀውን ተቃውሞ ራሴ ላንሣው። «በክልላችን በሐምሌ 2015 ዓ.ም. የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታውጆ፤ ጥይት ሲጮኽ ሰምተን፤ መንገድ ሲዘጋ አይተን፤ ሰው ሞቶብን፤ አንተ ስለ ቦይና ስለ ባጃጅ መቆሚያ ታወራለህን?» የምትሉኝ አትጠፉም። ተቃውሞው ከባድ ነው፤ አላቃልለውም። ሰው በነጻ ተናግሮ በሰላም ወደ ቤቱ መግባቱን ካላመነ ዕጩም አይቀርብም፤ ጠያቂም አይነሣም። ግን ደግሞ ልብ በሉ። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 50 ንኡስ አንቀጽ 4 ሕዝቡ በቀጥታ ይሳተፍ ዘንድ ለዝቅተኛው የአስተዳደር እርከን በቂ ሥልጣን ይሰጣል ብሎ ጽፏል። ያ አንቀጽ ከተጻፈ ሠላሳ ዓመት አልፎታል። ታናሹን ጉዳይ በቃል የምንዳኝበት ሥፍራ ባለመኖሩ ታላቁ ጉዳይ ወደ ጠመንጃ እንደ ሄደ የሚያስብ ሰው ብቻዬን አይደለሁም። ደግሞም ሰው ውሃ መጠጣቱን ጦርነት እስኪያልቅ ድረስ አያቆምም።

መጠየቅ ለሕዝባችን እንግዳ ነገር አይደለም። በዕድራችን ዳኛ ስንመርጥ ገንዘብ ያዡ ሒሳቡን በጉባኤ ፊት ያነባል፤ ድንኳኑ ለምን ተቀደደ፤ ወንበሩ ለማን ተዋሰ ተብሎ ይጠየቃል። የአገው ፈረሰኞች ማኅበርም ከ1932 ዓ.ም. ጀምሮ መንግሥት ሲለዋወጥ ሳይፈርስ የቈየው አባላቱ ለራሳቸው ደንብ ስለሚገዙ ነው፤ ጥር 23 ቀን እንጅባራ ላይ ያንን ሁሉ ፈረስና ያንን ሁሉ ሕዝብ በሥርዓት የሚያስተናግዱት በወታደር ብዛት አይደለም። ለዕድር ዳኛ የምናቀርበውን ጥያቄ ለከተማ ምክር ቤት ዕጩ ለማቅረብ የምናፍርበት ምክንያት ምንድን ነው?

በአሜሪካ ከ1920 እንደ ፈረንጆች አቈጣጠር ጀምሮ የቆመ የሴቶች መራጮች ማኅበር አለ፤ ለማንም ፓርቲ ሳይወግን በየከተማው አዳራሽ ዕጩዎችን ይሰበስባል፤ ለሁሉም እኩል ደቂቃ ይሰጣል፤ ጥያቄውን ሕዝቡ በወረቀት ጽፎ ያቀርባል። ለዚህ ብዙ ሀብት አያስፈልግም፤ አዳራሽ፤ ሰዓትና የማያዳላ ሰብሳቢ ይበቃል።

ስለዚህ ለማኅበራችን የማቀርበው ሐሳብ ይህ ነው። የከተማ ምክር ቤት ምርጫ የሚደረግበት ቀን ሲቆረጥ እንዳንሯሯጥ ጥያቄዎቹን ከአሁኑ እናሰናዳ። የሕግ ተማሪዎች የምክር ቤቱን ሥልጣን የሚያሳይ አንድ ገጽ ጽሑፍ ያዘጋጁ፤ የሒሳብ አያያዝ ተማሪዎች የከተማ በጀት እንዴት እንደሚነበብ ያስረዱ፤ የአዊኛ ተናጋሪዎች ጥያቄዎቹን በአዊኛ ይጻፉ። መምህራኖቻችን ከፓርቲ አባልነት ነጻ የሆነ ሰብሳቢ ከመካከላቸው ይምረጡልን። የዚህ ጋዜጣ ማባዣ መኪናም ቀለሙ ካልደረቀ ያን ጽሑፍ ለከተማው ሰው ያዳርስልናል። እኔ የጀመርኋቸውን ዐሥራ አራት ጥያቄዎች ለማኅበሩ ጸሐፊ ሰጥቻለሁ፤ ዐሥራ አምስተኛውን የምትጨምሩ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ በማኅበሩ ቢሮ እንገናኝ።