"ክርስቲያን አገር" ስንል ማንን እንግዳ እያደረግን ነው?

(በሳምንታዊው የትንታኔ ፕሮግራም የቀረበ ንግግር፤ ከድምፅ ወደ ጽሑፍ የተመለሰ)

 

ባለፈው ሳምንት በስልክ መስመራችን ላይ የሆነውን የተከታተላችሁ ታስታውሳላችሁ። አንድ ወንድማችን ደወለና "ጋሼ፣ ዙሪያ ጥምጥም መሄዱ ይቅር። ኢትዮጵያ ክርስቲያን አገር ናት። ይህን በአደባባይ ለመናገር ለምን ታፍራላችሁ?" አለኝ። መልስ ሳልሰጠው ሰዓታችን አለቀ። ከስቱዲዮ ስወጣ ስልኬ ላይ ሌላ መልእክት ጠበቀኝ። አንዲት እህት ናት፤ ከሪያድ ነው የጻፈችው። አንድ መስመር ብቻ ነው። "ታዲያ እኔ የየት አገር ሰው ነኝ?" ትላለች። ሙስሊም ናት።

ዛሬ ለሁለቱም መልስ አለብኝ። ከመመለሴ በፊት ግን የራሴን ጥፋት ላስቀድም። ከዓመታት በፊት እዚሁ ዋሽንግተን አካባቢ በተደረገ አንድ የማኅበረሰብ ስብሰባ ላይ ንግግር አድርግ ተባልኩና "በአሕዛብ ባሕር የተከበበች የክርስቲያን ደሴት" የምትለዋን አባባል ደጋግሜ ተጠቀምኩባት። ጭብጨባው ደመቀ። ስብሰባው ሲያበቃ የአባቴ የቆየ ጓደኛ፣ የደሴ ሰው፣ አንድ ሐጂ መጥተው እጄን ያዙኝ። "ልጄ፣ ንግግርህ ሸጋ ነበር። ደሴት ስትል ግን እኔን ባሕሩ ውስጥ ጣልከኝ" አሉኝ። እየሳቁ ነው የተናገሩት። እኔ ግን እስከ ዛሬ አልሳቅኩም።

ወንድሜ ሆይ፣ በመጀመሪያ የማልክደውን ልንገርህ። እኔም የተዋሕዶ ልጅ ነኝ፤ ክርስትና የተነሣሁት ደሴ ነው። በአራተኛው መቶ ክፍለ ዘመን ንጉሥ ኢዛና ከሳንቲሙ ላይ የጨረቃውን ምልክት አንሥቶ መስቀል ሲያኖር፣ ዛሬ በክርስትናቸው የሚኮሩ ብዙ የአውሮፓ አገሮች ገና አልተጠመቁም ነበር። ዜማችን፣ የዘመን አቆጣጠራችን፣ የጾምና የፍስክ ገበታችን፣ የላሊበላ ዓለት፣ ይህ ሁሉ ክርስትና የሠራው ነው። ይህን የሚክድ ታሪክ አያውቅም።

ነገር ግን ያው አክሱም በ615 እ.ኤ.አ. ገደማ ከመካ የተሰደዱትን የነቢዩ ሙሐመድን ተከታዮች ተቀብሏል። ልብ በሉ፣ ወደ መዲና የተደረገው ስደት በ622 ነው። እስልምና ኢትዮጵያ የገባው መዲና ከመግባቱ በፊት ነው ማለት ነው። እንግዲህ "በኋላ የመጣ" የሚባለው ማን ነው? ደግሞስ ያ ክርስቲያን ንጉሥ ስደተኞቹን መጀመሪያ ተጠመቁና ላስጠጋችሁ አላላቸውም። ስለ ክርስቲያን መንግሥት የሚወራልን ትልቁ መልካም ስም የመጣው ከዚያች ቀን ነው።

"ደሴት" የምትለው ቃል በፖለቲካችን የገነነችው ግን ከብዙ ዘመን በኋላ ነው። ዐፄ ምኒልክ በ1883 ዓ.ም. ለአውሮፓ መንግሥታት ድንበራቸውን ሲያስታውቁ ኢትዮጵያን በዚሁ መልክ ገልጸዋታል። ለምን? አውሮፓውያኑ አፍሪካን እየተቀራመቱ ነበር፤ ንጉሡ ደግሞ እንደ ባዶ መሬት አትቁጠሩን፣ እንደ እናንተው ክርስቲያኖች ነን ማለታቸው ነው። ዲፕሎማሲ ነው፤ አልፈርድባቸውም። ጠቀመን ወይ ብላችሁ ብትጠይቁኝ ግን፣ ከአምስት ዓመት በኋላ ዓድዋ ድረስ የመጣችብን ክርስቲያኗ ኢጣሊያ ናት። ሁለተኛው አመጣጧ ደግሞ ይብሳል። በፈረንጆቹ 1929 የሙሶሊኒ መንግሥት ከቫቲካን ጋር ተፈራርሞ ካቶሊክ የመንግሥቱ ብቸኛ ሃይማኖት መሆኑን አጸና። በእኛ አቆጣጠር 1929 ዓ.ም. በወርኃ ግንቦት ያው መንግሥት የደብረ ሊባኖስን መነኮሳት ጨረሰ። ከዚያ በፊት በነበረው ሐምሌ አቡነ ጴጥሮስን አዲስ አበባ ላይ በጥይት ደብድቧል። መንግሥት ራሱን ክርስቲያን ስላለ እጁ አይመለስም።

ወደ ራሳችን ቤት እንመለስ። እኔ ካደግኩባት ደሴ አጠገብ ቦሩ ሜዳ የሚባል ሜዳ አለ። በ1870 ዓ.ም. ዐፄ ዮሐንስ እዚያ ጉባኤ አድርገው የቤተ ክርስቲያኑን የዶግማ ክርክር ቋጩና የወሎን ሙስሊም ወደ ክርስትና እንዲገባ አዘዙ። ኢማም ሙሐመድ ዓሊ ተጠምቀው ራስ ሚካኤል ሆኑ። አገሩ ግን በአዋጅ አልተጠመቀም፤ የሸሸው ሸሸ፣ የታገለው ታገለ፣ ሌላው ቀን ክርስቲያን ማታ ሙስሊም ሆኖ ኖረ። የራስ ሚካኤል ልጅ ልጅ ኢያሱም በ1909 ዓ.ም. በመስቀል ቀን ሰልሟል ተብሎ ከዙፋን ወረደ። አንድ ቤተሰብ ላይ በሁለት ትውልድ ይህ ሁሉ ደረሰ። የወሎ ሰው የጓዳ ነገሩን ያውቀዋል፤ እኛ ቤት አያቴ በአንድ ምድጃ ላይ የክርስቲያንና የእስላም ሥጋ ለይታ ትቀቅል ነበር፤ ሁለቱም ወገን ዘመዷ ነውና።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልግባ። "ሃይማኖት የግል ነው፣ አገር የጋራ ነው" የሚለው አባባል ከጃንሆይ ዘመን ጋር ተያይዞ ሲነገር ሁላችንም ሰምተናል። ድንቅ አባባል ነው። በዚያው ዘመን፣ በ1948 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው ሕገ መንግሥት ግን በአንቀጽ 126 የኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያን የመንግሥቱ ሃይማኖት ናት፣ መንግሥትም ይደግፋታል ይላል። አፋችን አንድ ይናገራል፣ ወረቀታችን ሌላ። ከሁለቱ የትኛው ሠራ? ሚያዝያ 12 ቀን 1966 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ የወጣውን ሰልፍ ያየ መልሱን ያውቀዋል። ሕዝቡ ወደ 100 ሺህ ይገመታል። ከጎናቸው ክርስቲያኖችም ወጥተው ነበር። ሥልጣን ስጡን አላሉም። በዓሎቻችን ይከበሩ፣ መንግሥትና ሃይማኖት ይለያዩ አሉ። ደግሞ አንዲት ትንሽ የምትመስል የስም ጥያቄ ነበረች፤ "በኢትዮጵያ የሚኖሩ ሙስሊሞች" አትበሉን፣ "ኢትዮጵያውያን ሙስሊሞች" በሉን።

"የሚኖሩ"! እኛ ስደተኞች ይህን ቃል ለይተን ማወቅ ነበረብን። እኔ በሰው አገር "የሚኖር" ሰው ነኝ። የመኖሪያ ወረቀት ይዤ ዓመታት የቆጠርኩ ሰው ነኝ። መኖር በፈቃድ ነው፤ ፈቃድ የሰጠህ ሊነሳህ ይችላል። አያት ቅድመ አያቱ የተቀበሩበት ምድር ላይ ያለ ሰው ነዋሪ ሲባል ምን እንደሚሰማው እኛ ካላወቅን ማን ያውቃል? "ክርስቲያን አገር" የሚለው ሐረግ ሥራው ይኸው ነው። ለእግዚአብሔር የሚጨምርለት ክብር የለም፤ ከዜጎች መካከል ግን ባለቤትና እንግዳ ይለያል።

ደዋዩ ወንድሜ እዚህ ላይ እንደሚያቋርጠኝ አውቃለሁ። "ቤተ ክርስቲያን ከመንግሥት ስትለይ ምን አተረፈች? ደርግ አይደለም ወይ ፓትርያርኩን የገደለው?" ይለኛል። እውነት ነው። ደርግ የሙስሊሞችን በዓላት በሕግ አስከበረ፤ ያው ደርግ አቡነ ቴዎፍሎስን አሠረ፤ በ1971 ዓ.ም. ክረምት እርሳቸውንም፣ የመካነ ኢየሱሱን ቄስ ጉዲና ቱምሳንም በሳምንታት ልዩነት ገደለ። ነገር ግን ያንን የ1948 ሕገ መንግሥት አንድ አንቀጽ ቀጥለህ አንብበው፤ ጳጳሳት የሚሾሙት ንጉሠ ነገሥቱ ሲፈቅድ ነው፤ ከተሾሙም በኋላ ለንጉሠ ነገሥቱ ታማኝነት ይምላሉ ይላል። መንግሥት ቤተ ክርስቲያኒቱን በእጁ መያዝ የጀመረው በደርግ ጊዜ አይደለም። ደርግ ያገኘው በሩ ተከፍቶ ነው። ያኔ የያዘው እጅ የወዳጅ ነበርና አልተሰማንም።

ይህ የእኛ ጉድ ብቻ እንዳይመስላችሁ ዛምቢያን ላንሣ። ፕሬዚዳንት ፍሬድሪክ ቺሉባ ሥልጣን በያዙ ሁለት ወር ሳይሞላ፣ በታኅሣሥ 1991 እ.ኤ.አ. ዛምቢያ ክርስቲያን አገር ናት ብለው አወጁ። ይህ ቃል በ1996 የሕገ መንግሥቱ መግቢያ ላይ ገባ። በዚያው ማሻሻያ ለፕሬዚዳንትነት የሚወዳደር ሰው ሁለቱም ወላጆቹ ዛምቢያውያን መሆን አለባቸው የሚል አንቀጽም ገባ። ማንን ለማስቀረት? ነፃነት ያመጡትን ኬኔት ካውንዳን። የካውንዳ አባት ማን ነበሩ? ከማላዊ የመጡ ወንጌል ሰባኪ! ክርስቲያን አገር የተባለበት ሰነድ የሰባኪውን ልጅ የውጭ ሰው ዘር ነው ብሎ አባረረ። የቺሉባ ነገርስ? በ2007 የለንደን ፍርድ ቤት በፍትሐ ብሔር ክስ 46 ሚሊዮን ዶላር የሕዝብ ገንዘብ በመመዝበር ተጠያቂ አደረጋቸው። አገራቸው በ2009 በወንጀል ክስ ነፃ ብላቸዋለች፤ ይህንም መናገር ተገቢ ነው።

እዚህ አሜሪካስ? ወንድሜ የሚጠቅሰውን አውቀዋለሁ። በ1892 የጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ዳኛ ዴቪድ ብሩወር ይህ ክርስቲያን ሕዝብ ነው ብለው በውሳኔ ጽፈዋል። የጉዳዩን መነሻ ግን ስንቶቻችን እናውቃለን? አንድ የኒውዮርክ ቤተ ክርስቲያን ከእንግሊዝ ቄስ ቀጥሮ አስመጣ፤ የውጭ ሠራተኛ በውል ማስመጣትን የሚከለክል ሕግ ስለነበረ ተከሰሰ። የኢሚግሬሽን ጉዳይ ነው! ከአገር ቤት ካህን ለማስመጣት የቪዛ ወረፋ የሚጠብቁት የሰበካ ጉባኤዎቻችን ይህን ቢሰሙ ፈገግ ይላሉ። ዳኛው ራሳቸው በ1905 ባሳተሙት መጽሐፍ፣ ክርስቲያን ሕዝብ ስል ክርስትና የመንግሥት ሃይማኖት ነው ማለቴ አይደለም ብለው አብራርተዋል። እኛ በየከተማው ሕንፃ ገዝተን መስቀል የሰቀልነው፣ ታቦት አውጥተን ጥምቀትን በፓርክ ያከበርነው፣ መንግሥት ሃይማኖት እንዳያቋቁም በሚከለክለው ሕግ ጥላ ሥር ነው። ለራሳችን የወደድነውን ጥላ ለአገራችን ሰው ለምን እንጠላዋለን?

ደግሞ ቁጥሩን እንየው። በ1999 ዓ.ም. ቆጠራ ኦርቶዶክስ 43.5 በመቶ፣ ሙስሊም 33.9፣ ፕሮቴስታንት 18.6 ነው። ክርስቲያን አገር ብለን ብንጽፍ የማን ክርስትና ነው የሚጻፈው? ዛሬ ቤተ መንግሥት ያሉት ጠቅላይ ሚኒስትር የጴንጤ እምነት ተከታይ መሆናቸው የታወቀ ነው። ወንድሜ፣ ትክክለኛው ክርስትና የትኛው እንደሆነ የመወሰን ሥልጣን ለእርሳቸው ትሰጣለህ? እኔ አልሰጥም። በ2015 ዓ.ም. ጥር ላይ ሲኖዶሱ ሲከፈል ጥቁር ለብሰን ያለቀስነው፣ መንግሥት እጁን ያንሣ ብለን አይደል? በዚያው ዓመት ሸገር ከተማ ላይ መስጊዶች ሲፈርሱ ሙስሊሞችም ያሉት ይህንኑ ነው። ሁለታችንም የተደገፍንበት በ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 11 ነው። ያንን አንቀጽ ቀደን "ክርስቲያን አገር" ብለን ብንጽፍ፣ በሚቀጥለው ጥር በምን እንከራከራለን?

በታኅሣሥ 2011 እ.ኤ.አ. ጅዳ ላይ በአንድ ቤት ለጸሎት የተሰበሰቡ 35 ኢትዮጵያውያን ክርስቲያኖች ታሠሩ። 29ኙ ሴቶች ነበሩ። ያኔ እዚህ ያለነው ምን ብለን ጮኽን? ሰው በእምነቱ አይታሠር አልን። የሳዑዲ መንግሥት አገሬ እስላም ናት ብሎ ሲመልስልን፣ ያ መልስ አላሳመነንም። ልክ ነበርን።

እህቴ፣ አንቺ ያለሽው እዚያው አገር ነው። ሃይማኖትሽ የመንግሥቱ ሃይማኖት ነው፤ ከፋላ በሚሉት ሥርዓት ግን ያለ አሠሪሽ ፈቃድ ሥራ መቀየር እንኳ ሲያስቸግርሽ ኖሯል። በእምነት አንድ ሆነሽ በአገር እንግዳ መሆን ምን እንደሆነ አንቺ ታስተምሪናለሽ። ለጥያቄሽ መልሴ አጭር ነው፤ የኢትዮጵያ ሰው ነሽ። አገርሽን ለማንም አስፈቅደሽ አልያዝሽውም።

ወንድሜም እንዳትቀየመኝ። በሚመጣው ሳምንት በዚሁ ሰዓት ሁለታችሁንም በአንድ መስመር ላይ ላገናኛችሁ ነው ያሰብኩት። እኔ እሷን ባላሳምናትም፣ አንተ ራስህ መልስላት። ቁጥሩ እንደ ወትሮው በስክሪናችሁ ግርጌ አለ። ለዛሬ በዚሁ ይብቃኝ፤ ቸር እንሰንብት።