ወረቀታችን የት ይደር?
(በማኅበራችን አሥረኛ ዓመት በዓል ላይ የተደረገ ንግግር)



የበዓሉ አዘጋጅ ኮሚቴ የማኅበራችንን ታሪክ በአጭሩ እንድናገር በጠየቀኝ ጊዜ በመጀመሪያ ወረቀቱን መፈለግ ነበረብኝ። ቃለ ጉባኤው ከሦስት የቀድሞ ጸሐፊዎች ቤት፣ የመዋጮ ደብተሩ ከአንድ አባል ጋራዥ፣ ፎቶግራፎቹም ከየአልበሙና ከየስልኩ ተገኙ። ከእኛ በፊት የመጡ ስደተኞች ወረቀታቸውን የት እንዳኖሩ ለማየት ወደ ሚኒሶታ ዩኒቨርሲቲ ቤተ መዛግብት ሄድኩ። ዛሬ የምነግራችሁ ስለዚያ ነው።

ዩኒቨርሲቲው የስደተኞችን ታሪክ የሚያጠናውን ማዕከል ያቋቋመው በ1965 እ.ኤ.አ. ነው። የማዕከሉ መዛግብት የሚቀመጡት ከአንደርሰን ቤተ መጻሕፍት ሥር፣ በሚሲሲፒ ወንዝ ዳር ካለው ገደል ውስጥ በተፈለፈለ ሰፊ ዋሻ ነው። (የላሊበላ አገር ሰው በዚህ ብዙም ላይደነቅ ይችላል።) ወረቀት እንዳይበላሽም ሙቀቱና እርጥበቱ እንዳይለዋወጥ ይጠበቃል።

አንባቢው ግን ዋሻው ውስጥ አይገባም። የሚፈልገውን ሣጥን ቁጥር ከማውጫው አይቶ አስቀድሞ ያዝዛል። ቦርሳውንና ካፖርቱን ውጭ ይተዋል። እስክሪብቶ ክልክል ነው፤ የሚፈቀደው እርሳስ ብቻ ነው። አንዱን አቃፊ በቦታው ሳይመልስ ሌላውን አያወጣም።

በእነዚያ ሣጥኖች ውስጥ ያሉት የጣሊያኖች፣ የፊንላንዶች፣ የዩክሬኖች፣ የስሎቬኖችና የሌሎችም ስደተኞች ሰነዶች ናቸው። ብዙዎቹ የመረዳጃ ማኅበራት ናቸው። በዚሁ በሚኒሶታ፣ በሰሜን በኩል በኢሊ ከተማ፣ ስሎቬን የብረት ማዕድን ሠራተኞች በ1898 እ.ኤ.አ. አንድ ማኅበር አቋቁመው ነበር። አባሉ ያዋጣል፤ ሲታመም ይረዳል፤ ሲሞት ለቤተሰቡ ገንዘብ ይሰጣል። ይህ ከዕድር በምን ይለያል? መሥራቾቹ ካለፉ ብዙ ዘመን ሆኗል፤ እንደነዚህ ያሉ ሰዎችን ዛሬ የምናውቃቸው ጸሐፊዎቻቸው ደብተሩን ስላልጣሉት ነው።

የአባቶቻችን ብራና በዚህ አገር ማረፊያ አላጣም። በኮሌጅቪል በሚገኘው በሴንት ጆንስ ዩኒቨርሲቲ ወደ 9,000 የሚጠጉ የኢትዮጵያ ብራና መጻሕፍት በማይክሮፊልም ተቀምጠዋል። በ2021 እ.ኤ.አ. ያረፉት ዶክተር ጌታቸው ኃይሌም ለብዙ ዓመታት ዝርዝራቸውን ሲያዘጋጁ ኖረዋል። የእኛ የመዋጮ ደብተር ግን እስከ ዛሬ ጋራዥ ውስጥ ነው።

አንዳንድ ወንድሞችና እኅቶች ስማችንና የስደት ጉዳያችን በማያውቀን ሰው እጅ ይገባል ብለው ይሰጋሉ። ስጋቱ ተገቢ ነው። ይሁን እንጂ ቤተ መዛግብት ሣጥን የሚረከበው በውል ነው፤ የትኛው አቃፊ ለስንት ዓመት ተዘግቶ እንደሚቆይ ከመፈረማችን በፊት መደራደር እንችላለን። በእኔ በኩል፣ ችግር ገጥሟቸው በምስጢር የረዳናቸውን ሰዎች ዝርዝር ጨርሶ ባንሰጥ ይሻላል እላለሁ።

የዘመን አቆጣጠሩም ነገር አለ። አንዱ ቃለ ጉባኤያችን «መስከረም 2008» ይላል። ከ50 ዓመት በኋላ የሚያነበው ተማሪ በፈረንጆች አቆጣጠር 2008 ይመስለዋል፤ እኛ ግን የተሰበሰብነው በ2015 እ.ኤ.አ. ነው። እንግዲህ ማኅበራችን ከመወለዱ በፊት ስብሰባ ተቀምጧል ማለት ነው! ስለዚህ ከሣጥኑ ጋር አንድ ገጽ ማስረጃ እንጨምር፤ ስለ ዘመን አቆጣጠራችን፣ እንዲሁም ሁለተኛው ስማችን የአባት ስም እንጂ የቤተሰብ ስም አለመሆኑን የሚገልጽ።

ጉዳዩን ለሥራ አስፈጻሚው በጽሑፍ አቅርቤአለሁ፤ በመጪው ጠቅላላ ጉባኤም ድምፅ እንድትሰጡበት ይቀርባል። እስከዚያው ድረስ የተቀደደውን በፕላስተር አትለጥፉ፤ የተዘበራረቀ ቢመስላችሁም ቅደም ተከተሉን አትለውጡ። በአልበም ያሉትን ፎቶግራፎች ጀርባ ላይ ግን የሰዎቹን ስምና ቀኑን በእርሳስ ቀስ ብላችሁ ጻፉ። በመጀመሪያው ዓመት ፎቶግራፍ ላይ ከኋላ የቆሙትን ሁለት ሰዎች እኔ አላወቅኋቸውም። ፎቶግራፉ መግቢያው አጠገብ ጠረጴዛው ላይ አለ፤ የምታውቋቸው ካላችሁ ከመሄዳችሁ በፊት ንገሩኝ።