ሣጥን ውስጥ ያደረ ልብስ
በድሬ ጠያራ ለምእመናንና ለፕሮጀክት ሠራተኞች የተሰጠ ንግግር



ሣጥናችንን ስንከፍት «አንድ ቀን እንለብሰዋለን» ብለን ያስቀመጥነው ልብስ አይጠፋም። አንዱ ጠቦናል፤ አንዱ የሠርግ መታሰቢያ ነው፤ ሌላውን ለምን እንዳኖርነው እኛም አናውቀውም። ክረምትና በጋ አልፎበት ያልተነካውን ግን የእኛ ነው ለማለት ያስቸግራል። ያዕቆብ በምዕራፍ 5 ባለጠጎችን ሲወቅስ ብል የበላውን ልብሳቸውን ጭምር ያነሣል።

ዶርቃ በኢዮጴ በሞተች ጊዜ መበለቶቹ እያለቀሱ ለጴጥሮስ ያሳዩት የሠራችውን ልብስ ነበር (ሐዋ. 9፥39)። በሣጥኗ ስለ ቀረው የተጻፈ ነገር የለም።

በ1977 ዓ.ም. ረሃብ በኮረም ሜዳ የተሰበሰቡትን ወገኖቻችንን ያሠቃያቸው የእህል እጦት ብቻ ሳይሆን የደጋው ሌሊት ብርድም ነበር። ሐረርም ከ1,800 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ናትና የኅዳርና የታኅሣሥ ሌሊቷ ይበርዳል፤ ከዚህ ከድሬ ጠያራ ጎሕ ሳይቀድ ለገበያ የሚነሡ እናቶች ያውቁታል።

ስለዚህ ስንሰጥ የሚለበሰውን እንስጥ። ያለቀው ልብስ ለወለል መወልወያ ይሁን እንጂ ለወንድም አይሁን። ቁልፉ የወደቀውን፣ ስፌቱ የተተረተረውን አስቀድመን በጀጎል ውስጥ መኪና ግርግር ላሉት ልብስ ሰፊዎች እናድርስ። (መንገዱ ስሙን ያገኘው ከስፌት መኪናዎቹ ድምፅ አይደለምን?) ጎረቤቶቻችን አብዛኞቹ ሙስሊሞች ናቸውና ለእናቶች ረጅም ቀሚስና ሻሽ እንምረጥ፤ ሃይማኖት ሳንጠይቅ፣ በአደባባይ ስም ሳንጠራ፣ ከየቤታቸው እናድርስላቸው። የሕፃናቱ ለብቻ ይታሰር። ሁሉም ታጥቦ፣ ብርዱ ሳይገባ፣ በጥቅምት ይሰብሰብ።