ስለ መሪዎች ስንከራከር ወንድማችንን እንዳናጣ

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፤ አሜን።



ሰው ከሰው ጋር ሲጨዋወት አገር ስለሚመሩ ሰዎች እንደሚነሣው ክርክር ቶሎ የሚሞቅና ቶሎ የሚያጣላ ነገር ጥቂት ነው። አንዱ መሪውን ያመሰግናል፤ ሌላው ይነቅፋል፤ ሁለቱም ላገራቸው የሚያስቡ ሊሆኑ ይችላሉ። በሐሳብ መለያየት በራሱ ኃጢአት አይደለም። ኃጢአት የሚሆነው ነገሩ የመሪውን ሥራ ትቶ በተከራካሪው ወንድም ሰብእናና ትውልድ ላይ ሲወርድ ነው።

ንጉሥ ሳኦል ሊገድለው ሲያሳድደው፥ ዳዊት በዓይንጋዲ ዋሻ ውስጥ በእጁ አግኝቶት ነበር። ነገር ግን የልብሱን ዘርፍ ብቻ ቆርጦ ተወው፤ ከዋሻውም ወጥቶ፥ እጅ ነሥቶ፥ ያለ በደሉ እንደሚያሳድደው በግልጥ ነገረው። እውነቱን አልሸሸገም፤ ክብሩንም አልነፈገውም። የሳኦል ልብ ተነክቶ ያለቀሰው በዚህ ነው፤ ስድብ ቢሆን ኖሮ ያን ዕንባ ባላመጣ ነበር።

ለመሪ እንዲህ ከሆነ ለወንድምማ እንዴት አይሆን? በሐዋርያት ሥራ በ15ኛው ምዕራፍ እንደተጻፈው፥ ቅዱስ ጳውሎስና በርናባስ በማርቆስ ምክንያት ባይስማሙ፥ አንዱ ወደ ቆጵሮስ፥ ሌላው ወደ ሶርያና ወደ ኪልቅያ ሄደ። ሁለቱም ግን ወንጌልን ከመስበክ አልተለዩም። ጳውሎስም በኋላ ዘመን ማርቆስ እንደሚጠቅመው መስክሮ ወደ እርሱ እንዲያመጣለት ለጢሞቴዎስ ጻፈ። በዚያን ጊዜ የመረረ ቃል በመካከላቸው ተተክሎ ቢቀር ኖሮ፥ ይህ የመመለሻ መንገድ በተዘጋ ነበር።

የመለያየትን ጉዳት እኛም በዘመናችን አይተናል። በ1983 ዓ.ም. የአገራችን መንግሥት ከተለወጠ በኋላ፥ አራተኛው ፓትርያርክ አቡነ መርቆርዮስ ከመንበራቸው ተለይተው በስደት ኖሩ፤ ሲኖዶሱም ያገር ቤትና የስደት እየተባለ ለሁለት ተከፈለ። በሰሜን አሜሪካም አንድ ጥምቀት የተጠመቁ ሰዎች በአንድ ከተማ እየኖሩ አብረው ማስቀደስ ተሳናቸው። በሐምሌ 2010 ዓ.ም. በዋሽንግተን እርቅ ወረደ፤ ውግዘቱም ተነሣ። እርቁ ስለ መንግሥት ያለውን የሰውን ሁሉ ሐሳብ አንድ አላደረገም፤ ሲኖዶሱን ግን አንድ አደረገ።

እንግዲህ፥ ወገኖቼ፥ ስትከራከሩ የባልንጀራችሁን ነገር እስከ ፍጻሜው ስሙ። ያላጣራችሁትን ወሬ እንደ ማስረጃ አታቅርቡ፤ የሐሰት ምስክርነት ነውና። ስለ ሥራው ተናገሩ እንጂ ዘር አትቁጠሩ። ቁጣ ሲመጣ ነገሩን ለሌላ ቀን አሳድሩት፤ ከአፍ የወጣ አፋፍ ነው፥ አይመለስም።

ቅዱስ ጳውሎስ ስለ ነገሥታትና ስለ መኳንንት እንዲጸለይ ሲያዝዝ፥ የሮም ገዢዎች ክርስቲያኖች አልነበሩም። ቤተ ክርስቲያናችንም እስከ ዛሬ ስለ አገርና ስለ መሪዎች ትጸልያለች። በዚያ ጸሎት የሚደግፈውም የሚነቅፈውም ጎን ለጎን ቆመው አሜን ይላሉ። በመቅደስ አብሮን የቆመውን ሰው ከደጀ ሰላም ስንወጣ ጠላት አናድርገው።

አምላካችን አንደበታችንን ይጠብቅልን፤ ላገራችን ሰላምን፥ ለመሪዎች ጥበብን፥ ለሁላችን መደማመጥን ይስጠን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።