የኤሌክትሪክ ጀልባ ባትሪ በማረፊያው ወራት

በደቡብ ጀርመን በኮኒግስዜ ሐይቅ ላይ መንገደኞችን የሚያመላልሱ ጀልባዎች እ.ኤ.አ. ከ1909 ጀምሮ በባትሪ ኃይል ሲንቀሳቀሱ ኖረዋል። የኤሌክትሪክ ጀልባ እንግዲህ የትናንት ግኝት አይደለም። ሆኖም ባትሪውን ብዙ ጊዜ የሚገድለው ሥራ ሳይሆን ጀልባው መጠለያ ገብቶ የሚተኛበት የብርድ ወራት መሆኑ በሚገባ የታወቀ አይመስለኝም። ከጀልባው ዕቃ ሁሉ ውድ ከሚባሉት አንዱ በዚህ ዓይነት ያለ ጊዜው ይጣላል።

ምክንያቱ እንዲህ ነው። የእርሳስና የአሲድ ባትሪ ኃይሉን በሚሰጥበት ጊዜ በፕሌቶቹ ላይ የእርሳስ ሰልፌት ይፈጠራል። ሳይዘገይ ኃይል ከተሞላ ሰልፌቱ ተመልሶ ይለወጣል፤ ለሳምንታት ከተተወ ግን ክርስታሉ እየገዘፈና እየጠነከረ ይሄድና ፕሌቱ ኃይል መቀበል ይሳነዋል። ባትሪው ማንም ባይነካውም በራሱ ይደክማል። ሙቀቱ በ10 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በጨመረ ቁጥርም ድካሙ በግምት እጥፍ ይሆናል። ስለዚህ ቀዝቃዛ መጋዘን ከሞቃቱ ይመረጣል። ብርዱን የሚፈሩ አሉ፤ ፍርሃታቸው ለባዶው ባትሪ እንጂ ለሙሉው አይገባም። የሙሉው አሲድ ከዜሮ በታች በ50 ዲግሪ እንኳ አይረጋም፤ የባዶው ግን ከዜሮ በታች 10 ዲግሪ ገደማ ላይ ረግቶ ሣጥኑን ሊሰነጥቅ ይችላል።

ከማሳረፍ በፊት ውሃው ፕሌቶቹን መሸፈኑን ማየት፣ የጎደለውን በተጣራ ውሃ መተካት፣ ባትሪውን ሙሉ በሙሉ መሙላትና ገመዱን መንቀል ይገባል። ጀልባው በውሃ ላይ የሚቆይ ከሆነ ግን ሰርጎ የሚገባውን ውሃ የሚመጥጠውን ፓምፕ አብሮ መንቀል ጀልባውን ማስጠም ስለሚሆን፣ ለፓምፑ የራሱ ባትሪ ይመደብለት። ለጥቂት ሰዓታት ያረፈ ባለ 12 ቮልት ባትሪ 12.6 ቮልትና ከዚያ በላይ ካሳየ ሙሉ ነው፤ ወደ 12.4 ሲወርድ ሳይውል ሳያድር ይሞላ። መሙያው እስከ 14.4 ቮልት አድርሶ ወደ 13.5 ገደማ የሚወርድ ካልሆነ፣ ለወራት ሰክቶ መተው ውሃውን አፍልቶ መጨረስ ነው። በሚሞላበት ጊዜ የሚወጣው ሃይድሮጅን ከአየሩ 4 በመቶ ሲደርስ የመፈንዳት ኃይል አለው፤ ስለዚህ መስኮት ይከፈት፣ ሲጋራም አይለኮስ። መቆንጠጫው ከመነሳቱ አስቀድሞ መሙያው ይጥፋ።

የሊቲየም ባትሪ ጠባይ ከዚህ የተለየ ነው። ሙሉ ሆኖ ለረጅም ጊዜ መቀመጥ ስለሚጎዳው በግማሽ ገደማ ይቀመጣል፤ ከዜሮ ዲግሪ በታች በሆነ ብርድም ኃይል አይሞላበትም።