የማንን ቧንቧ? ስለ ጥናት ፕሮፖዛል አጻጻፍ

(በተማሪዎች ማኅበራችን የንባብ ክበብ ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)




የማኅበራችን ጸሐፊ ወደ እኔ መጥቶ ስለ ጥናት ፕሮፖዛል አጻጻፍ ግማሽ ሰዓት ያህል ንገረን ባለኝ ጊዜ፣ ከእኔ የተሻሉ መምህራን በዚህ አዳራሽ ተቀምጠው ሳሉ እኔ ምን ልናገር እችላለሁ ብዬ እንቢ ለማለት አስቤ ነበር። በኋላ ግን አንድ ነገር ትዝ አለኝ። ይኸውም በዚህ ጉዳይ እንደ እኔ አጥብቆ የወደቀ ሰው በመካከላችን ብዙ አለመኖሩ ነው። ስለዚህ የማቀርብላችሁ የሊቅ ትምህርት ሳይሆን የወደቀ ሰው ምስክርነት መሆኑን አስቀድሜ እገልጻለሁ።

የመጀመሪያው ፕሮፖዛሌ 31 ገጽ ነበረ። ርእሱ «የአዲስ አበባ ከተማ የመጠጥ ውኃ ችግር፣ መንሥኤውና መፍትሔው» ይላል። ውኃ ለሰው ልጅ ሕይወት መሠረት ስለ መሆኑ አራት ገጽ ጽፌ፣ የዓለምን ውቅያኖሶች አዳርሼ፣ አፍሪካን አቋርጬ ወደ አዲስ አበባ የገባሁት በ12ኛው ገጽ ላይ ነው። ጽሑፉን የመረመሩት አንድ አዛውንት መምህር በሽፋኑ ላይ በቀይ እርሳስ ሁለት ቃል ጽፈው መለሱልኝ፤ «የማንን ቧንቧ?» ይላል። ሌላ ማብራሪያ አልነበረበትም።

ሁለት ሳምንት ሙሉ ተናደድሁ። የ31 ገጽ ድካም በሁለት ቃል መመለሱ ንቀት መስሎ ታየኝ። ከዕለታት አንድ ቀን ማታ ግን ከምኖርበት ከቦሌ አራብሳ የጋራ መኖሪያ ቤት ደረጃ ስወጣ፣ አንዲት ጎረቤቴ ጀሪካናቸውን ሁለተኛው ፎቅ ላይ አስቀምጠው ሲያርፉ አገኘኋቸው። ቤታቸው አራተኛ ፎቅ ላይ ነው። ጀሪካኑን ተቀብዬ ስወጣ፣ «ምድር ቤት ያሉት ሌሊት ይደርሳቸዋል፤ እኛ ጋ ግን ሽታውም አይወጣ» አሉኝ። በዚያን ጊዜ የቀዩ እርሳስ ጥያቄ ገባኝ። በአንድ ሕንፃ፣ ከአንድ መስመር፣ በአንድ ሌሊት ለአንዱ ደርሶ ለሌላው የማይደርስ ውኃ አለ። እኔ ግን ከተማውን ሁሉ በአንድ ማሰሮ ቀቅዬ አቅርቤ ነበር።

ወገኖቼ፣ የፕሮፖዛል ነገር መጀመሪያውም መጨረሻውም ጥያቄው ነው። ርእስ ጥያቄ አይደለም። «የውኃ ችግር» ርእስ ነው። «በአራብሳ ባለ አራት ፎቅ ሕንፃዎች ውስጥ ውኃ በፈረቃ በሚለቀቅበት ሌሊት በየወለሉ ስንት ሊትር ይደርሳል? የማይደርሳቸው ቤተሰቦችስ የጎደለውን ከየት፣ በምን ዋጋ ይሞላሉ?» የሚለው ግን ጥያቄ ነው። በመጀመሪያው ላይ ዕድሜ ልክ መጻፍ ይቻላል። ሁለተኛውን ግን አንድ ተማሪ በአንድ መንፈቅ ዓመት መልሶ፣ መልሱም ትክክል መሆን አለመሆኑን ሌላ ሰው ሄዶ ሊመረምረው ይችላል። አበው «ነገርን ከሥሩ፣ ውኃን ከጥሩ» ያሉት ለእኔ ፕሮፖዛል የተነገረ ይመስለኛል።

ጠባብ ጥያቄ ትንሽ ጥያቄ ነው ብሎ የሚንቅ ሰው ቢኖር፣ የዶክተር አክሊሉ ለማን ታሪክ ያስታውስ። እኚህ ሰው በ1964 እ.ኤ.አ. ስለ ቢልሃርዝያ በሽታ ለማጥናት ወደ ዓድዋ በሄዱ ጊዜ፣ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ስፍራ ወረድ ብሎ ባለው ወንዝ ላይ የሞቱ ቀንድ አውጣዎች ተመለከቱ። ቢልሃርዝያን የሚያስተላልፈው በእነዚህ ቀንድ አውጣዎች ውስጥ የሚያድገው ተውሳክ መሆኑ የታወቀ ነው። እንዶድ ልብስ እንደሚያነጻ እናቶቻችን ሁሉ ያውቁ ነበር። የሞተውን ቀንድ አውጣም ወንዝ የወረደ ሁሉ ሳያየው አይቀርም። አክሊሉ ግን ሁለቱን አገናኝተው «የገደለው እንዶዱ ይሆን?» ብለው ጠየቁ። ጠይቀውም አልቀሩ፤ ሕያዋኑን ቀንድ አውጣዎች በእንዶድ አረፋ ውስጥ አስገብተው ሞከሩ፤ ሞቱ። ከዚያ ተነሥቶ የዓመታት ምርምር፣ በዓድዋ የተደረገ ሰፊ የመስክ ሙከራ ተከተለ። በ1989 እ.ኤ.አ. እሳቸውና የሥራ ባልደረባቸው ለገሠ ወልደ ዮሐንስ ራይት ላይቭሊሁድ የተባለውን ዓለም አቀፍ ሽልማት ተቀበሉ።

ከዚህ ታሪክ ሌላ ትምህርት አለ። ግኝቱ ይህን ያህል የታወቀ ሆኖ ሳለ፣ እንዶድ ለሰውና ለእንስሳ ደኅና ስለ መሆኑ በዓለም አቀፍ ደረጃ በታወቀ የላቦራቶሪ ሥርዓት የተሠራ ማስረጃ ይቅረብ ስለ ተባለ ነገሩ ለብዙ ዓመት ተጓተተ። ያን ማስረጃ ለማቅረብ ደግሞ ድሀ አገር የሌላት ገንዘብና መሣሪያ ያስፈልግ ነበር። በዚህ ውስጥ የነበረውን የፍርድ ጉድለት አክሊሉ ራሳቸው በሕይወት ሳሉ ደጋግመው ተናግረዋል። እኛ ተማሪዎች ግን አንድ ነገር ልንይዝ ይገባናል። «አወቅሁ» ማለት ብቻ አይበቃም፤ «እንዴት አወቅህ?» የሚል ሰው መምጣቱ አይቀርም። የፕሮፖዛል የጥናት ዘዴ ክፍል ለዚያ ሰው አስቀድሞ የሚሰጥ መልስ ነው።

ስለዚህ ወደ ክፍሎቹ ልግባ።

አነሳሽ ምክንያት የሚባለውን ክፍል ብዙዎቻችን ከፍጥረተ ዓለም እንጀምረዋለን። ከደረጃው ጀምሩት። ምን አያችሁ? የት? መቼ? ያያችሁት ነገር ከሚታወቀው ጋር የማይገጥመው በምን ላይ ነው? ይህ በአንድ ገጽ ይጻፋል።

የተዛማጅ ጽሑፎች ቅኝት ደግሞ ያነበብነውን የምናስቆጥርበት መዝገብ አይደለም። «እገሌ እንዲህ አለ፣ እገሌም እንዲህ አለ» እያሉ 20 ስም መደርደር የልቅሶ ቤት መዝገብ ይመስላል። ቅኝቱ ሊመልስ የሚገባው ሌሎች እስከ የት ደረሱ፣ እኔስ ከየት እነሣለሁ የሚለውን ነው። በእኔ ጥያቄ እንኳ ብንመለከት፣ የአዲስ አበባ ውኃ በምዕራብ ከገፈርሳ፣ በምሥራቅ ከለገዳዲና ከድሬ፣ በደቡብ ከአቃቂ ጉድጓዶች እንደሚመጣ የተጻፈ ነው። የለገዳዲ ውኃ ወደ ከተማው የሚገባው በእኛ በኩል ነው። እንግዲህ ምንጩ ከተጻፈ፣ ያልተጻፈው ከዋናው መስመር እስከ አራተኛው ፎቅ ያለው መንገድ ነው። የእኔ ሥራ እዚያ ላይ ይጀምራል ማለት ነው።

አንድን ትልቅ ችግር ወደሚሠራ ጥያቄ ስለ መከፋፈል ደግሞ ፕሮፌሰር ገቢሳ ኤጀታ ጥሩ ምሳሌ ይሆኑናል። አቀንጭራ የሚባለው አረም በአፍሪካ የማሽላ ገበሬ ላይ የሚያደርሰውን ጉዳት ወሎም ሐረርጌም ያውቀዋል። እሳቸውና የሥራ ጓደኞቻቸው «አቀንጭራን እንዴት እናጥፋ?» በሚለው ላይ አልቆሙም። የአቀንጭራ ዘር በአፈር ውስጥ ለዓመታት ተኝቶ የሚነቃው ከማሽላው ሥር የሚወጣ ንጥረ ነገር ምልክት ሲሰጠው ነው። እንግዲያው ምልክቱን የማይሰጥ ማሽላ ይገኝ ይሆን? ወደሚል ጥያቄ አወረዱት። ይህ በላቦራቶሪ ሊሞከር የሚችል ነገር ነው። ከዚያ የተገኙት አቀንጭራን የሚቋቋሙ ዝርያዎች በ2009 እ.ኤ.አ. ለዓለም የምግብ ሽልማት ካበቋቸው ሥራዎች ዋነኞቹ ናቸው።

የጥናት ዘዴን በሚመለከት፣ «መጠይቅ፣ ቃለ መጠይቅና ምልከታ እጠቀማለሁ» የሚለው ዐረፍተ ነገር በሁላችን ፕሮፖዛል ውስጥ ቃል በቃል ይገኛል። ይህ «ምግብ የምሠራው በድስት ነው» እንደ ማለት ነው። ምን ተደርጎ? ቁጥሩን አስቀምጡት። እኔ በሁለተኛው ፕሮፖዛሌ እንዲህ አልሁ፤ 12 ሕንፃዎች በዕጣ እመርጣለሁ፤ ምድር ቤቱን ጨምሮ እያንዳንዱ ሕንፃ 5 ወለል አለው፤ ከየወለሉ 2 ቤት በዕጣ እወስዳለሁ፤ ድምሩ 120 ቤት ነው። እያንዳንዱን ቤት በሳምንት አንድ ጊዜ ለ8 ሳምንት እጎበኛለሁ፤ ይህም 960 ጉብኝት ይሆናል። በቀን 20 ቤት ብዳረስ በሳምንት 6 ቀን ይፈጃል። ይህን በወረቀት ካሰላሁ በኋላ ብቻዬን እንደማልወጣው፣ ከክፍሌ አንድ ጓደኛ ማገዝ እንዳለበት ተረዳሁ። ሒሳቡ በፕሮፖዛሉ ላይ ባይሠራ ኖሮ እውነቱን የምረዳው በአምስተኛው ሳምንት፣ ደረጃው ላይ ሆኜ ነበር። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች የሚባለው እንደዚህ ላለው ነው።

የጊዜ ሰሌዳና የወጪ ዝርዝርም ለይስሙላ የሚሞላ ቅጽ አይደለም። የወረዳ የትብብር ደብዳቤ ስንት ቀን እንደሚፈጅ፣ የሕንፃው ኮሚቴ ሰብሳቢ ስንት ጊዜ እንደሚፈለግ፣ የታክሲና የፎቶ ኮፒ ስንት እንደሚሆን ጠይቃችሁ ጻፉ። መርማሪ የሆነ ሰው ሰሌዳውን አይቶ ወደ ስፍራው ሄዳችሁ ወይም አልሄዳችሁ እንደሆነ ወዲያው ያውቃል።

አሁን ወደ ከባዱ ነገር ልምጣ።

መጠይቄን ይዤ የእኚያን ጎረቤቴን በር ባንኳኳሁ ጊዜ፣ «ልጄ፣ ከአንተ በፊት ሦስት ሰዎች እንደዚህ ያለ ወረቀት ይዘው መጥተው ነበር። ለሁሉም መለስሁ። ምን እንደ ተገኘ ግን የነገረኝ የለም» አሉኝ። መልስ አጣሁ። እነዚያ ሦስት ሰዎች ምናልባት ተመርቀዋል። የሴትዮዋ ቃል ግን ሠንጠረዥ ውስጥ ገብቶ መደርደሪያ ላይ ቀርቷል። በአሜሪካ በተስኪጊ ከ1932 እስከ 1972 እ.ኤ.አ. ቂጥኝ የያዛቸው ወደ 400 የሚሆኑ ጥቁሮች፣ ፈዋሹ መድኃኒት ከታወቀ በኋላ እንኳ ሳይታከሙ «ሲጠኑ» መኖራቸው ዛሬ በዓለም ሁሉ እንደ ነውር ይነገራል። የእኛ ጥፋት ከዚያ ጋር የሚመዛዘን አይደለም። ሥሩ ግን አንድ ነው፤ ሰውን ለወረቀታችን ማገዶ አድርጎ ማየት ነው። ስለዚህ በፕሮፖዛላችሁ ላይ «የጥናቱ ጠቀሜታ» በሚለው ሥር «ለፖሊሲ አውጪዎች ይጠቅማል» ብላችሁ ከማለፋችሁ በፊት፣ ውጤቱን ለመለሱላችሁ ሰዎች መቼና እንዴት እንደምትነግሩ አንድ መስመር ጻፉ። እኔ ውጤቱን በአንድ ገጽ አማርኛ ጽፌ በየሕንፃው መግቢያ እንደምለጥፍ ጻፍሁ፤ አደረግሁትም።

ሌላው ከባድ ነገር ሁላችን የምናውቀውና የማንናገረው ነው። በየመብራት እንጨቱ ላይ «የመመረቂያ ጽሑፍ እናማክራለን» የሚል ወረቀት ተለጥፎ እናያለን። ማማከር ማለት ምን እንደሆነ ሁላችን እናውቃለን። ከ1971 ዓ.ም. ጀምሮ በአገራችን የድኅረ ምረቃ ትምህርት ሲሰጥ፣ የታሰበው በአገር ውስጥ ሆኖ ስለ አገር የሚጠይቅ ሰው እንዲገኝ ነበር። ጥያቄውን ገዝቶ የሚያቀርብ ሰው ግን ምንም አልጠየቀም። የተገዛ ፕሮፖዛል ላይ የቦታው ስም ብቻ ይለወጣል፤ ሰሚት የነበረው የካ አባዶ፣ የካ አባዶ የነበረው አያት ይሆናል። የገዛው ሰው ነገ ጤና ጣቢያ ወይም የውኃ ቢሮ ውስጥ ተቀምጦ ስለ ሰው ኑሮ ይወስናል። «የማንን ቧንቧ?» ብሎ መጠየቅን ግን አልተማረም።

በጓደኞቼ ላይ ብቻ ልፍረድ አልልም። ገበያው የሚደራው ተማሪው ብቻውን ሲተው ነው። መምህራኖቻችን ሆይ፣ በአክብሮት የምለምናችሁ፣ ፕሮፖዛላችን መጥፎ ቢሆን እንኳ ቢያንስ ሁለት ቃል ጻፉበት። እኔን ያዳነኝ ሁለት ቃል ነው።

ለማኅበራችን ደግሞ አንድ ሐሳብ አቀርባለሁ። በየሁለት ሳምንቱ ሐሙስ ማታ በዚህ አዳራሽ እንገናኝ። እያንዳንዱ ሰው ከሁለት ገጽ የማይበልጥ ጽሑፍ ይዞ ይምጣ፤ አንድ ጥያቄ፣ ጥያቄው የተነሣበት ስፍራ፣ መልሱ የሚገኝበት መንገድ፣ የሚፈጀው ቀን። ሌሎቻችን አንብበን «እንዴት ታውቃለህ?» እንበለው። መጀመሪያ ያስቀይማል፤ እኔም ሁለት ሳምንት ተቀይሜአለሁ። ለፈተና ኮሚቴ ከመቅረብ በፊት በወንድምና በእኅት ፊት መውደቅ ግን ይሻላል።

ከ1957 ዓ.ም. ጀምሮ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች በአገልግሎት ስም ለአንድ ዓመት ወደ ገጠር እየሄዱ ያስተምሩ ነበር። ብዙዎቹ አገራቸውን ያወቁት በዚያ ነው ይባላል። እኛ በዚህ በለሚ ኩራ የምንኖር ያን ያህል መንገድ መሄድ አያስፈልገንም። ክፍለ ከተማችን ራሱን ችሎ የቆመው በ2013 ዓ.ም. ነው፤ ያልተጠየቀ ነገር ሞልቶበታል። ጥያቄው ደረጃው ላይ ጀሪካን ይዞ ቆሟል። ተቀብለን እንውጣ።